የፊት ጎማው እስክስታ ሲወርድ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ራስህ የሠራኸው ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን መሬት ላይ ስታስሮጠው፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ የፊት ጎማው ግራ ቀኝ ይርገፈገፋል። የሞተር ሳይክል የመሪ ሾክ ገጠምክለት፣ ለጥቂት ቀን ተወው፣ አሁን ብሶበት ተመለሰ። «የበለጠ ጠንካራ ሾክ ልግዛ ወይ?» ነው ያልከው። አትግዛ። ቢያንስ አሁን አትግዛ።

እኔ እዚህ ጅማ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። ውሎዬ ከባጃጅ ጋር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን አንድ ወዳጄ ግቢው ውስጥ ቀላል አውሮፕላን ሲሠራ፣ የአውሮፕላኑን እግር፣ ማለት ጎማዎቹን የሚሸከመውን ክፍል፣ አብሬው ሠርቻለሁ። ያንተው ችግር ቁርጥ እሱን ገጥሞናል። ስህተቱንም አንድ ባንድ ሠርተነዋል። ሾክ ገዛን፣ ጎማው ዝም አለ፣ ደስ ብሎን ቡና ተጋበዝን። ሦስት ሳምንት አልቆየም። መንቀጥቀጡ ሲመለስ ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘው ሹካ ብየዳ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አገኘን። ለካ ሾኩ ትኩሳቱን ነበር ያወረደው፣ ወባው እዚያው ነው።

መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው ምኑ እንደሆነ በዓይንህ እይ። ስልክህን ከእግሩ ጋር በፕላስተር ጥፍር አድርገህ እሰርና በዝግታ የሚያሳየውን ቪዲዮ ቅረጽ። ጎማው በመዞሪያ ዘንጉ ላይ፣ ማለት ሹካው ግራ ቀኝ በሚዞርበት ቋሚ ዘንግ ላይ፣ ግራ ቀኝ የሚል ከሆነ እስክስታው ይሄ ነው። እግሩ ራሱ ወደፊትና ወደኋላ የሚርገበገብ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ ልቅነት ፈልግ። ጭራው ላይ ክብደት ጫንና አፍንጫው ይነሳ፣ ጎማው አየር ላይ ይሁን። አንድ ሰው ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ ይነቅንቅ። አንተ ጣትህን መገጣጠሚያው ላይ አድርግ፣ ግማሹ አንዱ ብረት ላይ፣ ግማሹ ሌላው ላይ። ዓይን የማያየውን «ቀጭ» የምትል ነገር ጣት ይሰማታል። ሁሉንም መገጣጠሚያ እንዲህ እየዳበስክ ሂድ። የኛ የተገኘው ማንም ያልጠረጠረው ቦታ ነው። የጎማው ቡሎን የሚያልፍበት የሹካው ቀዳዳ በልቶ እንደ እንቁላል ሞልሞል ብሎ ነበር። ሾክ የሚሠራው ዘንጉ ሲዞር ነው። ጎማው ቀዳዳው ውስጥ ባለችው ክፍተት ብቻ ሲወዛወዝ ሾኩ ምኑንም አያውቅም። ጠንካራ ብትገዛም ያው ነው።

ቶርኖ ቤት ወስደን ቀዳዳውን አሰፋን፣ የነሐስ ቦኮላ (ቀዳዳውን የሚያለብስ ቀለበት) አስገባን፣ አዲስ ቡሎን ገጠምን። ከመንቀጥቀጡ ግማሹ የጠፋው እዚያ ላይ ነው። ኩሽኔታውንም እይ። ሾጣጣው ዓይነት ከሆነ ጎማውን እያሽከረከርክ ዳዶውን አጥብቅ፣ መክበድ ሲጀምር መልሰህ ኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚያልፍበት ሽቦ) እስኪገባ ብቻ ላላ አድርግ። አንቆ መያዝም ኩሽኔታ ይገድላል።

ጎማህ በፔዳል የማይመራ፣ በራሱ የሚዞር ዓይነት ከሆነ ደግሞ የመዞሪያው ጥብቀት ወሳኝ ነው። ዘንጉ ላይ የሚደረደሩት እንደ ሳህን የጎደጎዱ፣ እንደ ሞላ የሚገፉ ሮንዴላዎች ያሉት ለዚህ ነው። መለኪያው ጅማ ውስጥ ሞልቷል፤ ቡና ገዢዎች የሚያንጠለጥሉትን ሚዛን ተዋስ። የጎማው ቡሎን ጫፍ ላይ አስረህ ወደ ጎን ሳብ፣ ሹካው መዞር ሲጀምር ስንት ኪሎ እንደሚል አንብብ። በዚህ ዓይነት የታወቁ የኪት አውሮፕላኖች (ክፍላቸው ተገዝቶ ቤት የሚገጣጠሙ) ላይ የሚፈለገው 10 ኪሎ አካባቢ ነው። የኛ 3 ኪሎ ነበር! ጥቂት ሰዓት ከሮጠ በኋላ ሮንዴላው ቦታ ይይዝና ይላላል። ደግመህ ለካ።

ጎማው ራሱስ? የባጃጅ 4.00-8 ነው የገጠምኩት ብለሃል። ጥሩ ጎማ ነው፣ ነገር ግን ባጃጅ ላይ ማንም ባላንስ አያሠራም። ኩሽኔታውን ከግራሶ አጽዳና ጎማውን አየር ላይ ቀስ ብለህ አዙረህ ተወው። ሁሌ አንድ ቦታ ወደ ታች ከመጣ ከባዱ ጎን እሱ ነው፤ ተቃራኒው ላይ እርሳስ ለጥፍ። ጠመኔ አስጠግተህም አሽከርክረው። ከፊሉን ብቻ ከነካው ጎማው ክብ አይደለም፣ ቀይረው። የአውሮፕላን ጎማ ካገኘህ ጎኑ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ የቀላሉ ጎን ምልክት ናት፣ የካላማዳሪው ቫልቭ ባለበት ጎን ትግባ። ነፋሱን ደግሞ ጎሚስታው በግምት አይሙላልህ። ትንሽ በጨመርክና በቀነስክ ቁጥር መንቀጥቀጡ የሚጀምርበት ፍጥነት ይቀየራል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ከቀጠለ ቱንቢ አምጣ። የመዞሪያው ዘንግ መስመር ቢረዝም መሬት የሚነካበትን ነጥብ ምልክት አድርግ። ጎማው መሬት የሚረግጠው ከዚያ ነጥብ ኋላ መሆን አለበት። ርቀቱ በጣም ካጠረ ጎማው እንደ ሆስፒታል አልጋ ጎማ ይቀብጣል።

እኛ ይሄን ሁሉ የሞከርነው አውሮፕላኑ ላይ አይደለም። የፊት እግሩን ፈትተን ጋሪ ላይ ገጠምነው፣ 4 ፈረሱላ ቡና ጫንንበት፣ 68 ኪሎ መሆኑ ነው፣ ከዚያ በፒካፕ ጎተትነው። የሰፈር ልጆች ሲስቁብን ከረሙ። ግን በአንድ ከሰዓት አሥር ሙከራ ይወጣል። አንድ ነገር ቀይር፣ ጎትት፣ ጻፍ። ሦስት ነገር ባንዴ ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ አታውቅም።

አንድ የጅማ ጉዳይ ልጨምር። እዚህ ከ1,700 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በሞቃት ቀትር የፍጥነት መለኪያህ 80 ሲል መሬቱን የምትነካው በ90 ገደማ ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ሰላም የነበረ ጎማ እዚህ ሊያስቸግር ይችላል።

እግሩ ራሱ ነው የሚርገበገበው ካልክ ብዙ ጊዜ ቀጭን የብረት ዘንግ የሆኑት ዋና እግሮች ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው። ጭረቱ ቀጥ ያለ ደረቅ፣ ጠንካራ እንጨት ከዘንጉ ኋላ አስጠግተህ በፋይበርግላስና በኤፖክሲ ጠቅልለህ ማሰር። የኛን እንጨት የጠረበልን በርጩማ ሠሪ ነው፤ ለምን እንደሆነ ስንነግረው አላመነንም።

ትንሿ ጎማ ፊት ሳይሆን ጭራው ሥር ያለችባችሁ፣ የጭራውን ባሌስትራ እዩ። ሲደክም ይዘረጋና የመዞሪያው ዘንግ አናት ወደፊት ያዘነብላል፣ መንቀጥቀጡም ይጀምራል። አናቱ በጭነት ጊዜ ትንሽ ወደኋላ ያዘንብል።

እስከዚያው ስትሮጥ ከጀመረብህ ጋዝ ቀንስ፣ መሪውን ወደ ራስህ ሳብና አፍንጫውን አቅልለው። ፍሬን አትርገጥ፣ ክብደቱን ሁሉ ፊት ጎማው ላይ ነው የምትጥለው። ሾኩን ለጊዜው ፍታውና የጣት ፍተሻውን ዛሬውኑ አድርግ። ቪዲዮውንና ሚዛኑ ያሳየህን ኪሎ ላክልኝ። ብየዳውንም በአጉሊ መነጽር እይ፤ ስንጥቅ ካለ እስኪበየድ አንድ ሜትር እንዳታስሮጠው።