ለአባትሽ ሸክላ የቱ ይሻላል? ያገለገለ ሪሲቨር ወይስ ለየብቻ የተገዛ ዕቃ

አንዲት አንባቢ ከአዲስ አበባ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ አባቴ የተወልኝ ሸክላ ማጫወቻና ብዙ ባለ 45 ሸክላዎች አሉኝ። ባለ 8 ኦም ስፒከርም አለኝ። የቀረኝ አምፕሊፋየር ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሜ ያገለገለ ፓዮኒር ኤስኤክስ 737 ስቴሪዮ ሪሲቨር አግኝቷል። ለበዓል ስመጣ ላምጣልሽ ይላል። መርካቶ ደግሞ አንድ ነጋዴ ፕሪአምፕ፣ ባለ 100 ዋት ፓወር አምፕና ቲዩነር ለየብቻ አሳይቶኛል። ሦስቱም ያገለገሉ ናቸው። ዋጋቸው ይቀራረባል። ሰው ሁሉ ለየብቻ የሆነው ይሻላል ይለኛል። የቱን ልግዛ?»

እህቴ፣ ወንድምሽ ከዚህ በታች የምነግርሽን ፈትሾ ደህና ሆኖ ካገኘው ሪሲቨሩን ውሰጂ። ምክንያቴን በዝርዝር ልንገርሽ።

ሪሲቨር የምለው የዲሹን አይደለም። ሬዲዮው (ቲዩነሩ)፣ ደካማውን ድምፅ የሚያዘጋጀው ፕሪአምፕና ስፒከሩን የሚገፋው ፓወር አምፕ በአንድ ሳጥን ውስጥ ያሉበትን ነው። «ለየብቻ ይሻላል» ያሉሽ ሰዎች አልተሳሳቱም። ፓወር አምፑ ለብቻው ሲሆን ትልቅ ትራንስፎርመር ይይዛል። ከሸክላው የሚመጣው ደካማ ድምፅም ከዚያ ትራንስፎርመር ይርቃል። አንዱ ሲበላሽ ደግሞ እሱን ብቻ ጥገና ትወስጂዋለሽ። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥቅም የሚገኘው ሦስቱም ደህና ሲሆኑ ነው። ያገለገለ ሦስት ዕቃ ስትገዢ ሦስት ያረጀ ፓወር ሰፕላይ፣ ሦስት ዙር ያረጀ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል)፣ ሦስት ዙር የቆሸሸ ማብሪያና ማጥፊያ እየገዛሽ ነው። ድምፁ ሲንኮሻኮሽ ጥፋቱ ከየትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሦስቱንም ተሸክመሽ ወደ እኛ ጠጋኞች ትመጪያለሽ። በመካከላቸው ያለው ገመድም ሌላ ጣጣ ነው። ብዙ ቤታችን ውስጥ የመሬት መስመር በደንብ አልተሠራም። ብዙ ሳጥን በተገናኘ ቁጥር «እምም» የሚል ድምፅ የመግባት ዕድሉ ይጨምራል።

ካንቺ ሁኔታ ጋር ስናያይዘው ግን ዋናው ጉዳይ ሸክላው ነው። የመርፌው ጭንቅላት የሚያወጣው 5 ሚሊቮልት አካባቢ ብቻ ነው። ሲዲ ማጫወቻ 2 ቮልት ያህል ያወጣል። ስለዚህ ሸክላውን ተራው መግቢያ ላይ ብትሰኪው ድምፁ ከሩቅ እንደሚሰማ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ነው። ያንን ወደ ቦታው የሚመልሰው «ፎኖ» የሚባለው መግቢያ ነው። በ1970ዎቹ የተሠራ ስቴሪዮ ሪሲቨር ይህ የሌለው አይገኝም ማለት ይቻላል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ብዙ አምራቾች ከአምፕሊፋየራቸው ላይ አውጥተውታል። የመርካቶው ፕሪአምፕ ጀርባ ላይ «ፎኖ» የሚል ጽሑፍ አለ? ከጎኑስ የመሬት ሽቦ የሚታሰርበት ብሎን አለ? ከሌለ አራተኛ ሳጥን መግዛትሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አረጋግጪ። የአባትሽ ማጫወቻ የመርፌ ጭንቅላቱ ማግኔት ነው ወይስ ሴራሚክ? ከሬዲዮና ከስፒከር ጋር አብሮ በአንድ ሳጥን የተሠራ የድሮ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ ሴራሚክ ነው። ሴራሚክ ጠንካራ ድምፅ ስለሚያወጣ ፎኖ ላይ ሳይሆን «ኦክስ» የሚባለው ተራ መግቢያ ላይ ነው የሚሰካው። ሸክላውን የሚጫነውም ከበድ አድርጎ ነው፤ እስከ 5 ግራምና ከዚያም በላይ። ማግኔቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 3 ግራም ይበቃዋል። የጭንቅላቱን ፎቶ ቀርበሽ አንሺና ላኪልኝ፣ እነግርሻለሁ።

ስለ ዋቱ አትጨነቂ። ኤስኤክስ 737 በቻናል 35 ዋት ነው። የዚያ ዘመን 35 ዋት ደግሞ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አምራቾች የአምፕሊፋየር ዋት በሚያስተዋውቁበት መንገድ ላይ ጥብቅ ደንብ አውጥቶ ነበር። ሁለቱም ቻናል አብረው እየሠሩ፣ ያለማቋረጥ የሚሰጡትን ነው መግለጽ ያለባቸው። ዛሬ በየሱቁ የምናየው ትንሽ ቴፕ ላይ የተለጠፈው «1000 ዋት» ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ከ35 ወደ 100 ዋት መሄድ የሚጨምርልሽ ከ5 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያነሰ ነው። ለጆሮ እጥፍ ጎልቶ እንዲሰማሽ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ሳሎን ውስጥ ሰው እያወራ ለሚሰማው ሙዚቃ አንድና ሁለት ዋት እንኳ ይበቃል። አዳራሽ የምታስጨፍሪ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር።

ሬዲዮውም ለሪሲቨሩ ያደላል። የ737ቱ መፈለጊያ በእጅ የሚዞር ነው፤ የትም ላይ ይቆማል። የመርካቶው ቲዩነር ዲጂታልና ለአሜሪካ የተሠራ ከሆነ ግን በ0.2 ሜጋኸርዝ እየዘለለ ነው የሚሄደው። 98.1 ፋናን ያገኛል፤ 102.1 ሸገርንም ያገኛል። ኢትዮ ኤፍኤም 107.8 ላይ ሲደርስ ግን 107.7 ወይም 107.9 ላይ ነው የሚቆመው። ከመግዛትሽ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሪው። በእርግጥ የአሜሪካ ሪሲቨር ኤፍኤም ላይ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ያፍነዋል፣ ማስተካከያው ለእነሱ ስርጭት ስለተሠራ። የትሬብል ማዞሪያውን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፣ ወደ መብራቱ። ለአሜሪካ የተሠራው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ወንድምሽ የሪሲቨሩን ጀርባ ፎቶ ያንሳ። የቮልት መምረጫ ካለውና 220 ወይም 240 ከተጻፈበት ተገላግለሻል። ከሌለው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ጀርባው ላይ የተጻፈውን የፍጆታ ዋት አንብቢና ቢያንስ እጥፉን የሚችል ግዢ። 120 የሚያወጣውንም አልመክርሽም። በ50 ኸርዝ የሪሲቨሩ ትራንስፎርመር ከለመደው በላይ ይሞቃል፤ ቮልቱ ወደ 110 ዝቅ ሲል ይቀልለዋል። ከጃፓን ገበያ የመጣ ከሆነ ደግሞ 100 ቮልት ነው፣ ለእሱ 110ም ይበዛበታል።

ብዙ የአሜሪካ ዕቃ የሚያልቀው እንዴት መሰለሽ? ሠራተኛዋ ወይም ዘመድ ቤት ሲያጸዳ ይነቅለዋል፣ ከዚያ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካዋል። ስለዚህ የአሜሪካውን ስፒና አትቀይሪ፤ አዳፕተርም አታድርጊበት። ስፒናው ላይ በቀይ ፕላስተር «110 ብቻ» ብለሽ ለጥፊበት። መብራት ሲሄድ ንቀይው። ተመልሶ ሲመጣ ቮልቱ ዘሎ ነው የሚመጣው። ጥሩ ስታቢላይዘር ካለሽ ከትራንስፎርመሩ በፊት አስገቢው።

ወንድምሽ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ባለቤቱ ቤት ሄዶ ያብራው። ሲበራ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ስፒከሩን የሚያገናኘው ሪሌ ነው። ጭራሽ ካላለ ወይም እያለ እያለ ከተመለሰ ውስጡ ችግር አለ፣ ይተወው። ቮልዩሙን ሲያዞር ቢንኮሻኮሽ አያሳስብም፤ አቧራ ነው፣ በኮንታክት ክሊነር ይጸዳል። ደብሊውዲ 40 ግን እንዳይነፋበት፣ ለዚያ የተሠራ አይደለም። ቮልዩሙ ዜሮ ሆኖ ከስፒከሩ ወፍራም «እምም» ከመጣ የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተር ደክሟል፤ ይጠገናል፣ ዋጋው ግን ይቀነስ። ግራና ቀኙ እኩል ይሰማ። ግማሽ ሰዓት ያጫውተው። አንዱ ወገን እየቆየ የሚጠፋ ከሆነ አይግዛው። የፊት አምፖሎቹ መቃጠላቸው ምንም አይደለም። ፎኖው በሸክላ መሞከር አለበት፤ ባለቤቱ ማጫወቻ ከሌለው ወንድምሽ ይዞ ይሂድ።

ቴስተር ያለው ሰው አብሮት ቢኖር ደግሞ አንድ ልኬት ይጨምር። ስፒከሮቹ ተነቅለው፣ ቮልዩሙ ዜሮ ሆኖ፣ የስፒከር መውጫው ላይ ዲሲ ቮልት ይለካ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከ100 ካለፈ ሳይስተካከል ስፒከርሽ ላይ እንዳይገናኝ። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የመርካቶውንም ፓወር አምፕ በዚሁ መንገድ ለኪው፤ ፈቃደኛ ያልሆነ ነጋዴ ካጋጠመሽ አልፈሽው ሂጂ።

ሲጭነው ከ10 ኪሎ በላይ እንደሚመዝን አይርሳ። ክብደቱ ያለው ትራንስፎርመሩ በኩል ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ በልብስ ብቻ ጠቅልሎ አያምጣው፤ የፊት ማዞሪያዎቹ ይሰበራሉ። ጠንካራ ካርቶን፣ ዙሪያውን ወፍራም ስፖንጅ፣ ከዚያ ሌላ ካርቶን ያድርግለት።

አዲስ አበባ ሲደርስ ወዲያው አትሰኪው። የሚያውቅ ባለሙያ ጋ ውሰጂውና መጀመሪያ በአምፖል በኩል ያብራው። ባለ ክሩ የድሮ አምፖል፣ 60 ወይም 100 ዋት፣ ከሪሲቨሩ ጋር በተከታታይ ይገናኛል። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ ግን ምንም ሳይቃጠል ታወቀ ማለት ነው። «ካፓሲተሩን በሙሉ እንቀይረው» የሚልሽ ካለ በምን ምክንያት እንደሆነ ጠይቂው። የተለካና የደከመ ይቀየር። ያልታመመውን መነካካት አዲስ ጥፋት ያመጣል። ፓወር ትራንዚስተር መቀየር ካስፈለገ ደግሞ ተጠንቀቂ፤ ገበያው ላይ ፎርጅድ ሞልቷል፣ ጮክ ባለ ቁጥር ይፈነዳል። ትራንዚስተሩን ከአሜሪካ ማስመጣት ያዋጣል።

ለየብቻ የሆነውን የምመክረው መቼ ነው? ሬዲዮ ለማትፈልጊ፣ ወይም ለአምፑ የሚከብድ ባለ 4 ኦም ስፒከር ላላት፣ ወይም እየቆየች አንድ በአንድ ማሳደግ ለምትፈልግ። እንዲያም ሆኖ ሦስት ሳጥን ሳይሆን ፕሪውና ፓወሩ አንድ ላይ ያሉበትን ኢንተግሬትድ አምፕ ነው የምመርጠው። የሪሲቨሩን ጀርባ ስታዪ «ፕሪ አውት» እና «ሜን ኢን» የሚል መሰኪያ ካለው ደግሞ በሩ አልተዘጋም። ነገ ትልቅ ፓወር አምፕ ብታገኚ ሪሲቨሩን እንደ ፕሪአምፕ ትጠቀሚበታለሽ።

ከሪሲቨሩና ከትራንስፎርመሩ ተርፎ ለወንድምሽ የሚሰጥ ገንዘብ ካለሽ አዲስ መርፌ አስመጪበት። ኪስ ውስጥ ይገባል። የመርፌ ጭንቅላቱን ሞዴል ንገሪው፣ ለዚያው የተሠራውን ይፈልግ። ምን ያህል እንደሠራ የማይታወቅ መርፌ የአባትሽ ሸክላ ላይ አታስቀምጪ፣ እባክሽ። ያለቀ መርፌ የሸክላውን መስመር ይቆርጠዋል። በዚያ ዘመን በአምሀ ሬከርድስና በካይፋ የወጡት ባለ 45 ሸክላዎች ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚፈለጉ ናቸው፤ የተቧጨረውን ደግሞ ማንም ባለሙያ አይመልስልሽም። ከመጫወትሽ በፊት አቧራቸውን አጽጂ። ከማጫወቻው የሚወጣውን ቀጭን የመሬት ሽቦ ከሪሲቨሩ ጀርባ ያለው ብሎን ላይ እሰሪው፤ ካላሰርሽው «እምም» ይላል።

ለኤፍኤሙ አንቴና መግዛት አያስፈልግሽም። እያንዳንዱ ክንፉ 75 ሳንቲሜትር የሆነ ባለ ሁለት ክንፍ ሽቦ በቲ ቅርጽ ግድግዳ ላይ ወጥሪ። ጀርባው ላይ 300 ኦም የሚለው መግቢያ ላይ እሰሪው። ሸገርም ፋናም ጥርት ብለው ይገባሉ።