መሪው በማን እጅ ነው?

ልጆቼ፣ ድሬዳዋ በውጭ ካፒታል የተዘረጋው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዛሬም «ኢንቨስተር መጣ» ሲባል ስንት ዶላር እንደያዘ ትጠይቃላችሁ። እኔ ግን አስቀድማችሁ ድርጅቱን ማን እንደሚመራው ብትጠይቁ እመርጣለሁ።

በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ቀጥታ ኢንቨስተር የሚባለው ከድርጅቱ ድምፅ ቢያንስ 10 በመቶ የያዘ የውጭ ባለሀብት ነው፤ በአመራሩ ላይ ዘላቂ ተሰሚነት አለው ተብሎ ይታሰባል። ጥቂት አክሲዮን ገዝቶ ዋጋው ሲወደድ የሚሸጥ ከዚህ አይቆጠርም። የሆላንዱ ቢራ ጠማቂ ሃይኒከን በ2003 ዓ.ም. ሐረር ቢራን ከመንግሥት ሲገዛ ፋብሪካው ድሮም ነበረ፤ ባለቤቱ ነው የተለወጠው። ያም ቀጥታ ኢንቨስትመንት ነው።

ያልተከፋፈለ ትርፍም ይቆጠራል። 60 በመቶው የውጭ የሆነ ኩባንያ 6 ሚሊዮን ብር አትርፎ 2 ሚሊዮኑን ቢያከፋፍል፣ ከቀረው ውስጥ 2.4 ሚሊዮኑ አንድ ዶላር ድንበር ሳይሻገር አዲስ ኢንቨስትመንት ሆኖ ይመዘገባል።

አዋጅ 1180/2012 ለውጭ ባለሀብት ዝቅተኛ ካፒታል ብሎ ያስቀመጠው በጥቅሉ 200 ሺህ ዶላር ነው፤ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲጣመር ግን 150 ሺህ። ይህችን ልዩነት ብሎ ስማችሁን ብቻ የሚፈልግ ይመጣል። እባካችሁ ስማችሁን አታበድሩ። ግብር ሲጠየቅ የሚፈለገው ፊርማው ያለበት ሰው ነው።

ከሁሉ የምሰጋላችሁ በማሽን ነው። እናንተ 4 ሚሊዮን ብር በጥሬው አዋጣችሁ፣ ሸሪካችሁ 3 ሚሊዮን የሚያወጣ ያገለገለ ማሽን አመጣ እንበል። ድርሻችሁ 57 በመቶ ገደማ ነው። ማሽኑ በ6 ሚሊዮን ከተገመተ ግን ወደ 40 ይወርዳል፤ የመወሰን ሥልጣናችሁም አብሮ ሄደ። ስለዚህ መመሥረቻ ጽሑፉን ሳትፈርሙ ሣጥኑ ይከፈት። በማሽኑ አካል ላይ የተለጠፈችውን ብረት አንብቡ፤ የተሠራበትን ዓመትና መለያ ቁጥሩን ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር አስተያዩ። ዋጋውን ደግሞ ሁለታችሁንም የማያውቅ ገማች ይንገራችሁ።

ዶላሩ በባንክ ይግባ፣ በውጭ ካፒታልነትም ይመዝገብ። በእጅ ወይም ከባንክ ውጭ በሐዋላ የገባ ገንዘብ ማስረጃ ስለሌለው ሸሪካችሁ ትርፉን ወደ አገሩ ልላክ ሲል ይቸገራል፤ ጠቡ የሚነሳው ያኔ ነው።

አክስታችሁ ከጅዳ ለሱቅ መክፈቻ ብትልክላችሁም ጠይቋት፤ ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ ድርሻ? ብድር ከሆነ የመመለሻውን ቀን፣ ድርሻ ከሆነ መቶኛውንና ኪሳራ ቢመጣ እንዴት እንደምትካፈሉት፣ ብሩ ሳይነካ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት።