የኤምጂቢ ካርቡራተር መርፌ፦ የትኛውን ልግዛ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ድሮዋ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ስለ ኤምጂቢ፣ በተለይ አየርና ቤንዚን ስለሚቀላቅሉት ሁለቱ ኤስዩ (የካርቡራተር ስም ነው) ካርቡራተሮቹ መርፌ ናቸው። አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሞተሩ አየር ሲስብ የካርቡራተሩ ፒስቶን ወደ ላይ ይነሳል፤ ከሥሩ የተሰካውን መርፌም ከጂግለሩ (ቤንዚን ከሚያልፍበት ቀዳዳ) ውስጥ እየመዘዘው ይወጣል። መርፌው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ከፍ ባለ ቁጥር ብዙ ቤንዚን ያልፋል። ስለዚህ መርፌ ከመግዛታችሁ በፊት ችግሩ የሚመጣው ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) ነው፣ መሃል ላይ ነው ወይስ ሙሉ ሲረገጥ የሚለውን ለዩ።

ከለንደን፦ የ1966 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ኤምጂቢ አለኝ። ሚኒሞ ላይ ጸጥ ብሎ ይሠራል፣ ሀይዌይ ላይ ስረግጠው ግን ይቆራርጣል። የቀድሞው ባለቤት ክፍት የአየር ፊልትሮ ገጥሞበታል። የትኛውን መርፌ ልግዛ?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አሁን ያለውን እወቅ። የላይኛውን ክዳን ፍታ፣ ፒስቶኑን አውጣ፣ መርፌውን የያዘችውን የጎን ብሎን አላላ። መለያው መርፌው አናት ላይ ተቀርጿል። በአንተ ዘመን ሞዴል ላይ ፋብሪካው የሚያስገባው 5 ቁጥርን ነው፤ ቤንዚን የሚጨምረው 6፣ የሚቀንሰው ደግሞ 21 ነው።

ክፍት ፊልትሮ ከፍ ባለ ዙር ብዙ አየር ስለሚያስገባ 6 ቁጥር ሊያስፈልግህ ይችላል። ግን ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ይህችን ሞክር። ባዶ መንገድ ላይ፣ በሚቆራርጥበት ፍጥነት እየሄድክ ቾኩን ትንሽ ሳብ አድርግ። ኤስዩ ላይ ቾክ ጂግለሩን ዝቅ አድርጎ ቤንዚን ይጨምራል። መቆራረጡ ከጠፋ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው፤ ካልጠፋ ወይም ከባሰበት መርፌውን ተወውና የማቀጣጠያ ሰዓቱንና ካንዴላውን ተመልከት። ቤንዚን ያነሰውም ሁልጊዜ በመርፌ ምክንያት አይደለም፤ ፓምፑ የደከመ፣ ፊልትሮው የተደፈነ ወይም የካርቡራተሩ ተንሳፋፊ ዝቅ ያለ እንደሆነም እንዲሁ ያደርጋል።

ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን የጂግለሩን ማስተካከያ ዳዶ በማዞር ብቻ እገላገላለሁ እንዳትል። ዳዶው ጂግለሩን ሲያወርደው ቤንዚኑ የሚጨምረው ከሚኒሞ እስከ ሙሉ ረገጣ በሁሉም ላይ ነው፣ ስለዚህ ላይኛውን ስታስተካክል ሚኒሞውን ታበላሻለህ።

ከዴንቨር፦ አባቴ የተዉልኝ ኤምጂቢ ካንዴላው ቶሎ ቶሎ ጥላሸት ይይዛል፣ ቤንዚንም ይሸታል። መኪናው የመጣው ከባሕር ዳርቻ ከተማ ነው።

እህቴ፣ ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። አየሩ ከባሕር ጠለል ወደ 15 በመቶ ይሳሳል፤ ያው መርፌ እዚያ ቤንዚን ያበዛል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ፒስቶኑን በማንሻዋ ፒን አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ አንሺው። ዙሩ ከፍ ብሎ እዚያው ከቀረ ቤንዚን በዝቷል፣ ሊጠፋ ካለ አንሷል፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ከተመለሰ ልክ ነው። በዝቶ ካገኘሽው የሁለቱንም ካርቡራተር ዳዶ እኩል ወደ ላይ አዙሪ፣ በአንድ ጊዜ ከዳዶው ስድስት ገጾች ከአንዱ በላይ አትለፊ። ሚኒሞው ተስተካክሎ ሽቅብ ስትወጪ አሁንም ጥላሸት ካለ ያኔ ቤንዚን የሚቀንሰውን መርፌ ፈልጊ። መኪናው ከ1960ዎቹ አጋማሽ ከሆነ 21 ነው።

አንዱ ካርቡራተር ላይ 5፣ ሌላው ላይ 6 አገኘሁ። ችግር አለው?

አለው። የሁለቱ መርፌ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ዛሬውኑ ቀይሩት።

ከ1970ዎቹ ኤምጂቢ የወጣ መርፌ ተሰጠኝ። የእኔ 1965 ነው፤ ይገባል?

አይገባም፣ እርስዎም በግድ አያስገቡት። የኋለኞቹ መርፌዎች በሞላ ተገፍተው የጂግለሩን ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚሠሩት፤ ለእነሱ የተሠራ ፒስቶን ይፈልጋሉ። የእርስዎ ግን ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው፤ ጂግለሩ መሃል ለመሃል መስተካከል አለበት። ፒስቶኑን አንስተው ሲለቁት ቀጭ የሚል የብረት ድምፅ አሰምቶ ካረፈ ጥሩ ነው፤ ከተንጠለጠለ መርፌው ጂግለሩን እየነካ ነው። አዲስ ሲያስገቡም የመርፌው ትከሻ ከፒስቶኑ የታች ገጽ ጋር እኩል ይሁን። ማስመሪያ አስተኝተው ይዩት። በመርፌና በመርፌ መካከል ያለው ልዩነት የኢንች ሺህኛ ነው፣ በዓይን አይታይም። ስለዚህ አንድ ሚሊሜትር ከገባ ወይም ከወጣ ትክክለኛው መርፌም ሌላ መርፌ ይሆናል።

እንግሊዝ ውስጥ ከ2021 ወዲህ ኢ10 (እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት) ቤንዚን ስለመጣ መርፌ ልቀይር?

ለእሱ ብቻ ብላችሁ አትቀይሩ። ኢታኖሉ ድብልቁን ትንሽ ያሳሳዋል፣ ያንን ዳዶው ይችለዋል። እኔን የሚያሳስበኝ የድሮው የጎማ ቱቦ ነው፤ ኢታኖል ይበላዋል፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ደግሞ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ያንጠባጥባል። ቱቦውን ቀይሩ፣ ካገኛችሁም ኢ5 (ኢታኖሉ እስከ 5 በመቶ) የሆነውን ሱፐር ቅዱ።

ድንገት ስረግጠው ያመነታል፣ ከዚያ በኋላ ደህና ነው። መርፌ ነው?

ካርቡራተሩ አናት ላይ ያለችውን ክዳን ፈትተህ ዘይቱን እይ። ዘይት ከሌለ ፒስቶኑ በአንዴ ተስፈንጥሮ ይነሳል፣ ለዚያች ቅጽበት ቤንዚኑ ከአየሩ ያንሳል። 20 ቁጥር ዘይት ጨምርና ሞክረው፤ ከተስተካከለ መርፌውን አትንካው።