የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቢራቢሮ በዛንዚባር፣ በዘጌ እና በክፍል ውስጥ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ኅዳር ውስጥ ከባለቤቴና ከ9 ዓመት ልጃችን ጋር ዛንዚባር ልንሄድ አስበናል። ልጅቷ ቢራቢሮ ሲሏት ነፍሷ ነው። እዚያ የቢራቢሮ መጠለያ አለ ይባላል። ከመሄዳችን በፊት ምን ማወቅ አለብን?
እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አለ። የዛንዚባር ቢራቢሮ ማዕከል የሚገኘው ፔቴ በምትባል መንደር፣ ከጆዛኒ ደን አጠገብ ነው። በመረብ የተሸፈነ የአትክልት ቦታ ሲሆን፣ ውስጡ የሚበሩት የአካባቢው ቢራቢሮዎች ናቸው። ፑፓውን፣ ማለትም ትሉ ሽፋን ለብሶ ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበትን ደረጃ፣ የሚያረቡት በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ደኑ ተቆርጦ ከሰል ከሚሆን ቆሞ እንጀራ ይሁን ነው ነገሩ። በኬንያ ጠረፍም በአራቡኮ ሶኮኬ ደን ዳር በ1993 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ተመሳሳይ ሥራ አለ። ስለዚህ አስጎብኚውን ፑፓዎቹ የተሰቀሉበትን ቦታ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ብዙ ሰው ወደሚበሩት ይሮጥና ይህን ሳያይ ይወጣል፤ ያሳዝናል።

ወሩን ግን ቢያስቡበት ይሻላል። ኅዳር የደሴቲቱ አጭር ዝናብ የሚጥልበት ጊዜ ነው፤ ረጅሙ ዝናብ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል። ቢራቢሮ የራሱን ሙቀት አያመነጭም ማለት ይቻላል። የክንፉ ጡንቻ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ካልደረሰ በደንብ አይበርም፣ ስለዚህ ፀሐይ ትወስነዋለች። ጉዞውን ወደ ጥር መግፋት ከቻላችሁ ግፉት። ካልቻላችሁ አንድ ትርፍ ቀን ያዙና ሰማዩ የጠራበትን ቀን ምረጡ።

በዕለቱ መጀመሪያ ጆዛኒ ገብታችሁ የዛንዚባር ደሴቶች ብቻ የሆነውን ቀይ ኮሎበስ የተባለ ጉሬዛ እዩ፤ ከዚያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ቢራቢሮው ሂዱ። ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር «4 ሰዓት» ስትሉት ይገባዋል። በቲኬትና በሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ እንዳታምታቱት። ደመና ድንገት ቢሸፍን ተስፋ ቆርጣችሁ አትውጡ። ቢራቢሮዎቹ ክንፋቸውን ገጥመው ከቅጠል ሥርና ከመረቡ ማዕዘን ይደበቃሉ፤ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፣ እስከዚያው ቅጠል ሥር ፈልጉ።

ልጅቷ አታባርራቸው። የበሰለ ሙዝ የተቀመጠበት ሳህን አጠገብ እጇን ዘርግታ ዝም ብላ ትቁም፤ የላብ ጨው ፈልገው ራሳቸው ይመጣሉ። የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት እግርና ልብስ ላይ ይሁን፤ እጅ ላይ ከተቀባ ግን ከመግባታችሁ በፊት በሳሙና ታጠቡ፣ ለነፍሳት መርዝ ነውና። ክንፍ አይያዝ፦ ጣት ላይ የሚቀረው ዱቄት የክንፉ ቅርፊት ነው፣ ተመልሶ አይበቅልም። መሬት ላይም ስለሚያርፉ እግራችሁን እያያችሁ ተራመዱ፤ ስትወጡ ደግሞ አንዱ የሌላውን ጀርባ ይፈትሽ። ስልካችሁ አየር ማቀዝቀዣ ካለው መኪና ሲወጣ መስታወቱ ጉም ይይዛል። ደጋግማችሁ አትጥረጉት፤ 10 ደቂቃ ውጭ ቢቆይ ራሱ ይጠራል።

አንድ ነገር አትርሱ፦ ታንዛኒያ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ለልጅቷም ያስፈልጋታል።

ጥያቄ፦ እኛ ባሕር ማዶ የምንሄድበት አቅም የለንም። ጣና ላይ ቢራቢሮ በደንብ የሚታይበት ቦታ አለ?
ሦስት ጓደኛሞች፣ ከዳንግላ

መልስ፦ ዘጌ ሂዱ። ደሴት ሳይሆን ልሳነ ምድር ነው፤ ነገር ግን በሬ ጠምዶ ማረስ በጥንት ሥርዓት የተከለከለበት ስለሆነ የቡናው ጫካ ከነጥላ ዛፉ ቆሟል፣ ቢራቢሮም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር፣ ዝናቡ ቆሞ አበባው ሳይደርቅ፣ ምርጡ ጊዜ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ አጣሩ።

ከጀልባ ስትወርዱ ወደ ገዳማቱ አትቸኩሉ። ሐይቁ ዳር ያለውን እርጥብ ጭቃ ተመልከቱ፤ ወንዶቹ ቢራቢሮዎች ጨው ለመምጠጥ በቡድን የሚሰበሰቡት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ጫካ ውስጥ ደግሞ ፀሐይ በቅጠል መሃል ሾልኮ መንገዱ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ መርጣችሁ ቁሙ። እንደ ቻራክሰስ ያሉት ወፍራም ቢራቢሮዎች አበባ ብዙም አይቀርቡም፣ የበሰበሰ ፍሬና ፋንድያ ይወዳሉ። እነሱን ለመሳብ በጣም የበሰለ ሙዝ ጨፍልቃችሁ ጥቂት ስኳር ጨምሩና በተከደነ ዕቃ ሁለት ቀን አቡኩት። በሳህን አድርጋችሁ በገመድ አንጠልጥሉት፤ መሬት ካስቀመጣችሁት ጉንዳን ይወርሰዋል። በገዳም ቅጥር ግቢ ውስጥ ግን አይሆንም፣ በሰው ማሳም አስፈቅዱ።

ፓፒሊዮ ዳርዳኑስ የሚባለውን ቢጫና ጥቁር፣ ባለ ጭራ ትልቅ ቢራቢሮ ካገኛችሁ ቀረብ ብላችሁ እዩት። በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ሴቷ ጭራ የላትም፤ ወፎች እንዳይበሏት መርዛማ የሆነ ሌላ ቢራቢሮ መስላ ትኖራለች። በኢትዮጵያ ግን አብዛኞቹ ሴቶች እንደ ወንዱ ቢጫና ባለ ጭራ ናቸው። ይህን ለማየት ሰው ከሩቅ አገር ቢመጣ አይፈረድበትም።

ከመካከላችሁ ሴት ካለች ክብራን ገብርኤል የተባለው የደሴት ገዳም ሴት እንደማያስገባ ከባለ ጀልባው ጋር ስትነጋገሩ አስቡበት።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን ሎሚ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስሉ ትሎች አግኝተን ክፍል ውስጥ ማሳደግ ጀመርን። ግማሾቹ በሁለት ቀን ሞቱ። ከአንዱ ፑፓ ትንንሽ ተርቦች ወጡ፤ አንዱ ደግሞ ክንፉ ተጨማዶ ቀረ። የት ላይ ተሳሳትን?
የሳይንስ መምህርት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ትሎቹ ፓፒሊዮ ዴሞዶኩስ የተባለው የሎሚና የብርቱካን ቢራቢሮ መሆናቸው አይቀርም። ሲያድጉ አረንጓዴ ይሆናሉ፣ ከ4 ሴንቲ ሜትርም ያልፋሉ። በስንጥር ቀስ ብለው ቢነኩት ትሉ ከራሱ ጀርባ ሹካ የመሰለ ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ የሚከረፋ ሽታ ይለቃል፤ በዚህ ይለያል።

መጀመሪያ የሸፈናችሁበትን ጨርቅ ይመርምሩ። ከጤና ጣቢያ የሚታደል አጎበር ከሆነ ገዳዩ እሱ ነው። ፀረ ተባይ የተነከረ ነው፣ 20 ጊዜ ቢታጠብ እንኳ መድኃኒቱ እንዳይለቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። በእሱ ፋንታ ንጹሕ ሻሽ ይጠቀሙ። አጎበር ካልነበረ ቅጠሉ የተረጨ እንደሆነ የግቢውን አትክልተኛ ይጠይቁ።

ትሎቹን የምታሳድጉበት ካርቶን ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ አንዱን ጎን ቆርጠው በሻሽ ይሸፍኑ። የሎሚ ቅርንጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ያቁሙና አፉን በጥጥ ይድፈኑት፣ አለበለዚያ ትሎቹ ወርደው ይሰምጣሉ። ቅጠሉ በየቀኑ ይቀየር፣ ኩሱም ይጠረግ፤ ሻጋታ ከያዘ በሽታው ሁሉንም ያዳርሳል። ሎሚ ካጠረ ልምጭ የተባለውን ተክል ቅጠልም ይበላሉ። ቆዳውን የሚቀይር ትል አንድ ቀን ያህል አይንቀሳቀስም፣ አይበላምም፦ ተማሪዎች ታሟል ብለው እንዳያነሱት፣ ያኔ ከነካኩት ይሞታል። መብላት አቁሞ መንከራተት ሲጀምር ፑፓ ሊሆን ነውና ሻካራ እንጨት ቀጥ አድርገው ያቁሙለት።

ተርቦቹ የተፈጥሮ ጠላቶች ናቸው። አንዳንዶቹ በትሉ፣ አንዳንዶቹም ቆዳው ገና ባልጠነከረ ፑፓ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ፤ የሚወጡትም ፑፓውን በስተው ነው። መፍትሔው ትል ከመልቀም ይልቅ ከእንቁላሉ መጀመር ነው። የመርፌ ራስ የምታህል ፈዛዛ ቢጫ ድቡልቡል እንቁላል ለጋ ቅጠል ላይ ለየብቻ ትገኛለች። ሻሹም ቀዳዳ አይኑርበት።

ክንፉ የተጨማደደው ብዙ ጊዜ ቦታ ስላጣ ነው። ቢራቢሮው ሲወጣ ክንፉ እርጥብና ጥቅልል ነው፤ ወዲያው ወደ ላይ ወጥቶ ተንጠልጥሎ ፈሳሽ ወደ ክንፉ መግፋት አለበት። ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ ላይ ይንሸራተታል፣ ወድቆም እዚያው ይደርቃል። ከፑፓው በታች ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተዉ። አየሩ ደረቅ ከሆነ ፑፓው ላይ ሳይሆን ካርቶኑ ላይ በቀን አንዴ ውኃ እፍ ይበሉበት። በሞቃት ቦታ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል፤ ደብረ ማርቆስ ብርዳም ስለሆነች ሊረዝም ይችላል፣ ሞተ ብላችሁ አትጣሉት። ሊወጣ ሲል ፑፓው ይጠቁርና የክንፉ ጥለት በሽፋኑ ላይ ይታያል። ከወጣ በኋላ የሚያንጠባጥበው ፈሳሽ ቀላ ቢል እንኳ ደም አይደለም፣ በፑፓነቱ የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው፤ ይህን አስቀድመው ለልጆቹ ይንገሯቸው።

ክንፉ እስኪጠነክር ሁለት ሰዓት ያህል አይነካ። ከዚያ ፀሐይ ሲሞቅ አበባ አጠገብ ይልቀቁት። ዝናብ ከያዘ እስከ ማግስቱ ማቆየት ይቻላል፦ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር በ10 የሻይ ማንኪያ ውኃ በጥብጠው ጥጥ ነክረው ያቅርቡለት፤ ጥጡ እርጥብ ይሁን እንጂ ውኃ አይቁርበት፣ እግሩ ይጣበቃል።