በወረርሽኝ ጊዜ ነርሶችን ለምትመድቡ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ነገ እናንተም የዎርድ ኃላፊ ወይም ማትሮን፣ ማለትም የሆስፒታሉ ነርሶች ሁሉ ኃላፊ፣ ትሆናላችሁ። ከመተማ ወይም ከቋራ በኩል ኮሌራ ገባ የሚል ስልክ ወደ ጎንደር ሲደወል፣ ብዙዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ስንት አልጋ እንደ ሞላ ነው። እኔ ግን ነርስን በአልጋ ቁጥር እንዳትመድቡ አጥብቄ እመክራችኋለሁ።

ሰውነቱ ክፉኛ ፈሳሽ ያጣ 50 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ሲመጣ፣ በ3 ሰዓት ውስጥ 5 ሊትር ያህል ሪንገር ላክቴት የተባለው ጨዋማ ፈሳሽ በደም ሥሩ ሊገባለት ይገባል፤ ከዚህም 1 ሊትር ተኩሉ የሚሰጠው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። የደም ሥሩ ስለሚጠፋ መርፌውን የምታስገባው ነርስ እጇ የለመደ መሆን አለባት፤ ከዚያም የልብ ምቱን በጣቷ እየዳሰሰች፣ አንዱ ከረጢት ሳያልቅ ሌላውን እያዘጋጀች ከአጠገቡ አትርቅም። ይኸው ሕመምተኛ ከሰዓታት በኋላ ቀና ብሎ ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) መጠጣት ሲጀምር ግን፣ በሚገባ የተነገረው አስታማሚ በኩባያ ሊያጠጣው ስለሚችል፣ ያቺ ነርስ አዲስ ወደ ገባው ትሻገራለች። ስለዚህ ጠዋት የተጻፈው ምደባ እስከ ማታ አይጸናም፤ በየጥቂት ሰዓቱ ከሕመምተኞቹ ሁኔታ ጋር እያስተያያችሁ ከልሱት።

ነርሶቹን ከየት ታነሣላችሁ የሚለው ከዚህ ይከብዳል። ቀጠሮ ተይዞላቸው ሊቆዩ የሚችሉ ቀዶ ሕክምናዎችን አዘግይታችሁ ከዚያ ውሰዱ። ከማዋለጃና ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ግን አትንኩ፤ ምጥ ወረርሽኙ እስኪያልፍ አይጠብቅም፣ እዚያ የሚደርሰው ጉዳትም በወረርሽኙ ሪፖርት ላይ ስለማይጻፍ ማንም ሳያየው ይቀራል። በኮሌራ ክፍል የዋለችውንም በዚያው ፈረቃ ወደ ሕፃናቱ አትላኩ።

እ.ኤ.አ. በ1954 እዚህ ጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የኮሚኒቲ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን) አብረው እንዲሠሩ ያሠለጥን ነበር፤ ይህን አሠራር ዛሬም ትክክለኛ ነው እላለሁ። ክሎሪን የሚበጠብጥና ባልዲ የሚደፋ ሰው አብሮ ካልተመደበ፣ ያንን ሁሉ ነርሷ ትሠራዋለች፤ ሕመምተኛው ያን ጊዜ ብቻውን ይቀራል።

አዲስ ተመራቂዎችን ለብቻቸው ሌሊት አታሳድሩ፤ ከነባር ጋር አጣምሯቸው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ብዙ ባለሙያ ከበሽታው ይልቅ ያስጨነቀው፣ ቤት ያሉ አረጋውያን ወላጆቹን ማስያዙ ነበር። ስለዚህ ስም ዝርዝሩን ከመለጠፋችሁ በፊት ቤቱ ማን እንዳለ እያንዳንዱን ጠይቁት፤ ማን ስንት ሌሊት እንደ ሠራም ሁሉም በሚያየው ቦታ ጻፉ፣ የራሳችሁንም ተራ ጭምር።