ቀለሙ ይቆይ

ልጆቼ፣

አሮጌ የካምፒንግ ኮምቢ ገዝታችሁ ምክር ስትጠይቁኝ፣ ብዙዎቻችሁ የምታስቀድሙት የቀለሙን፣ የመጋረጃውንና የፍራሹን ነገር ነው። አልፈርድባችሁም። የሙያውን ሀሁ ሶማሌ ተራ አቅራቢያ በነበረ ጋራዥ ከቮልስ ሥር ተኝቼ የቆጠርሁ ሰው ሆኜ ሳለ፣ ጀርመን አገር የራሴን ኮምቢ ስገዛ የሠራሁት ስሕተት ይኸው ነበር።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1970 ሥሪት ቮልስዋገን ነች፤ አልጋዋን፣ ምድጃዋንና ወደ ላይ የሚከፈተውን ጣሪያዋን የገጠመላት ዌስትፋሊያ የተባለው ድርጅት ነው። ከኋላዋ ያለው 1,584 ሲሲ ሞተር በውኃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ ሲሆን፣ ጉልበቱም 47 ፈረስ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቮልስ የሠራ መካኒክ ይህን ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። እኔን ያሳሳተኝም ይኸው «አውቀዋለሁ» ባይነት ነው።

በመጀመሪያው ክረምት ቀለም ቀባኋት፤ ወንበሮቿንም አለበስሁ። በሞተሩ ዙሪያ ባሉት ቆርቆሮዎችና በመኪናው ገላ መካከል የሚዞረው ጥቁር ጎማ ግን ደርቆ ግማሹ ወድቆ ነበር፤ ይህ ደግሞ ምን ያደርጋል ብዬ አለፍሁት። የዚያ ጎማ ሥራ ከታች በጭስ ማውጫው ማርሚታ ዙሪያ ያለው ትኩስ አየር ሽቅብ ወጥቶ ማራገቢያው መልሶ እንዳይስበው መከልከል ነው። እርሱ በሌለበት ሞተሩ የራሱን ትኩሳት ይተነፍሳል። በዚያ ዘመን ሥሪት ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ የቆመው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚወርደው አየር መንገድ ላይ ስለሆነ፣ አስቀድሞ የሚጎዳው ሦስተኛው ነው።

የሚያሳፍረኝ ነገሩ በገዛ ደብተሬ ላይ ተጽፎ መገኘቱ ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ስቀይር በቫልቮላዎቹ፣ ማለትም የሲሊንደሩን የነዳጅ መግቢያና የጭስ መውጫ በሚከፍቱትና በሚዘጉት በሮች፣ እና በሚገፏቸው ክንዶች መካከል ያለውንም ክፍተት እለካ ነበር፤ ሞተሩ አድሮ በቀዘቀዘ ጊዜ 0.15 ሚሊ ሜትር መሆን ይገባዋል። የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቮላ በአንዱ ልኬት 0.10፣ በሚቀጥለው 0.05 ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱንም ጊዜ በካቻቪቴ ወደ ልኩ መለስሁት፣ ቁጥሩን ጻፍሁ፣ ክዳኑን ገጠምሁና ሄድሁ። ክፍተት ዕቃው እየተበላ ሲሄድ የሚሰፋ ነገር ነው፤ ደጋግሞ ከጠበበ ግን ወይ ቫልቮላው በሙቀት ተስቦ ረዝሟል፣ ወይ መቀመጫው ወደ ውስጥ ገብቷል። ይህን ለሌላ ሰው መኪና ቢሆን ወዲያው እናገር ነበር።

በዚያው በጋ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ በካሰል ከተማ አካባቢ ያለውን የአውቶባን (የፈጣን መንገድ) ዳገት ስወጣ፣ ከኋላ አንድ ጊዜ «ቋ» አለ፤ ቀጥሎም ጠጠር በጣሳ ውስጥ ሲናጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተከተለ። ሞተሩን አውርጄ ስፈታው የቫልቮላው ራስ ተቆርጦ ፒስተኑን በስቶት አገኘሁ። ያን ሁሉ ያመጣው ጥቂት ሜትር ጎማ ነው።

እንግዲህ መኪናውን ወደ ግቢ ባስገባችሁበት ቀን፣ ሌላ ነገር ሳትነኩ፣ ቤንዚን የሚያስተላልፉትን የጎማ ቱቦዎች ሁሉ አውልቃችሁ ጣሉ። ታንኩ ከሞተሩ ክፍል ግድግዳ ወዲያ ማዶ ነው፤ የተሰነጠቀ ቱቦ የሚያንጠባጥበው በትኩስ ሞተር ላይ ነው፤ የሞተሩም ገላ ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ፣ አንዴ ከተቀጣጠለ በውኃ የሚበርድ እሳት አይደለም። ከዚያ ፍሬኑን እዩ። የፍሬን ዘይት የሚያስተላልፉት የጎማ ቱቦዎች ከውጭ ደህና መስለው በውስጣቸው ሊያብጡ ይችላሉ፤ እግራችሁን ካነሣችሁ በኋላ አንዱ የመኪናው እግር ተይዞ የሚግል ከሆነ ጥርጣሬያችሁን እዚያ ላይ አድርጉ። የፍሬን ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነው።

ዝገት ሰፊ ነገር ነው። በየበሩ ሥር የሚሄደው አግዳሚ ብረት ከብዙ ላሜራ ተደራርቦ የተሠራ በመሆኑ የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ሻጩ በስቱኮና በቀለም ሲሸፍነው ደግሞ ውስጡን ለቄስ ይሆናል። በካቻቪቴ እጀታ እያንኳኳችሁ ሂዱ፤ ጤነኛ ላሜራ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ስቱኮ የሞላው እንደ እንጨት ይታፈናል። መቁረጥ ሲኖርባችሁ ጤነኛ ብረት እስክታገኙ ቁረጡ፤ ነገር ግን ገላውን ሳትደግፉና በውስጥ በኩል በብረት ሳታስሩ፣ ግራና ቀኙንም ባንድ ጊዜ አትቁረጡ። መኪናው በመካከሉ ይረግብና ተንሸራታቹ በር ከብየዳው በኋላ አልዘጋ ይላል። ሞተሩን ባበላሸሁ ማግስት እኔም የራሴን ስፈትሽ በስተግራ በኩል ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘሁ፤ ያን የተጠበብሁበትን ቀለም አብሬ ቆርጬ ጣልሁት።

ከጎማ ቱቦዎቹ በቀር ያወለቃችሁትን አሮጌ ዕቃ አትጣሉ። ጀርመን ይህን ዓይነት መኪና መሥራት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1979 ቢሆንም ብራዚል ኮምቢን እስከ 2013 ስትሠራ ስለቆየች መለዋወጫ አይጠፋም፤ ችግሩ አዲስ የሚሸጠው ሁሉ ልክ አለመሆኑ ነው። ታጥቦና ተሞርዶ የሚመለሰው የፋብሪካው ዕቃ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ጀርመን ለምትኖሩትም 30 ዓመት ለሞላው መኪና የሚሰጠው የ«ኤች» ሰሌዳ የሚገኘው መኪናው የቀድሞ መልኩን እንደያዘ ሲቀርብ ነው።

ደብተር ያዙ፤ ከቁጥሩ ጎን ደግሞ «ለምን?» የሚል ዓምድ አስምሩ። የእኔ ደብተር ያ ዓምድ የተጨመረበት ከካሰል በኋላ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ስለካ ሦስተኛው ሲሊንደር 0.15 ላይ ነበር፤ የግራው በር ሥር ግን እስከ ዛሬ ግራጫ የዝገት መከላከያ ብቻ ተቀብቶ እንዳለ ነው። ባለቤቴ መቼ እንደምቀባው በየዓመቱ ትጠይቀኛለች።