የቶሮንቶን የኢምፓቲ መጠይቅ ወደ ማላይኛ መመለስ፦ ጥያቄና መልስ

መጠይቁ ኢምፓቲን፣ ማለትም የሌላውን ስሜት መጋራትን፣ የሚለካ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው። 16 ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 («ፈጽሞ») እስከ 4 («ሁልጊዜ») ይመለሳል፣ ድምሩ እስከ 64 ይደርሳል። ስምንቱ የስሜት ቅዝቃዜን ስለሚገልጹ ነጥባቸው ይገለበጣል (0 የነበረው 4 ይሆናል)። ለማሌዢያ አዋቂዎች ስለማዘጋጀቱ የተነሡ ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ የኢንዶኔዥያው ትርጉም ቢገኝ እሱኑ ብንጠቀምስ?

መልስ፦ አይሆንም። «ቡዳክ» ማሌዢያ ውስጥ ልጅ ነው፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባሪያ። «ፐርጩማ» ማሌዢያ ውስጥ ያለ ክፍያ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከንቱ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከመጠይቁ ባለቤቶች ፈቃድ። ከዚያ አፋቸውን በማላይኛ የፈቱ ሁለት ተርጓሚዎች፣ አንዱ ሥነ ልቦና የሚያውቅ ሌላው የማያውቅ፣ ለየብቻ ይተርጉሙ። ሁለቱ ትርጉሞች ታርቀው አንድ ከሆኑ በኋላ ዋናውን ያላዩ ሁለት ሰዎች ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት። ባለሙያዎች የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር አግባብነት ከ1 እስከ 4 ይመዝኑ። ከስድስት እስከ ዐሥር ከሆኑ 3 ወይም 4 የሰጡት ቢያንስ 0.78 እጅ መሆን አለባቸው፤ አምስትና ከዚያ በታች ከሆኑ ግን ሁሉም መስማማት አለባቸው።

ጥያቄ፦ መልሶ ትርጉሙ ከዋናው ጋር ገጥሟል። አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ነው። «ሰላሉ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በመጽሐፍ ቋንቋ «ሁልጊዜ» ነው፤ መልሶ ተርጓሚውም እንደዚያው ይጽፈዋል፣ ሁሉም ነገር የገጠመ ይመስላል። በመንገድ ንግግር ግን ብዙ ጊዜ «አዘውትሮ» ማለት ነው። ስለዚህ 3 ሊሰጥ የፈለገ ሰው 4 ያከብባል። ለ4 «ሰንቲያሳ»፣ ለ3 «ከራፕ» ይሻላል። እንዲህ ያለውን የሚያወጣው ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው፦ ከከተማም ከገጠርም፣ ብዙ ከተማረም ጥቂት ከተማረም ሰው መርጣችሁ ዐረፍተ ነገሩን በራሱ ቃል እንዲደግምና መልሱን ለምን እንደመረጠ እንዲናገር ጠይቁት።

ጥያቄ፦ በፋክተር ትንተና (መልሶቻቸው አብረው የሚሄዱ ዐረፍተ ነገሮችን በቡድን፣ ማለትም በፋክተር፣ በሚለይ ስሌት) አንድ ፋክተር ስንጠብቅ ሁለት መጣብን።

መልስ፦ ሁለተኛው የተገለበጡትን ብቻ የሰበሰበ ነው? እንዲያ ከሆነ አዲስ የኢምፓቲ ዓይነት ብላችሁ ስም አታውጡለት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአጻጻፉ የሚመጣ ነው። «የሌሎች መከራ ብዙም አይረብሸኝም» የሚለው በማላይኛ «ቲዳክ» በሚል አሉታ ይጻፋል፤ «ፈጽሞ» ደግሞ «ቲዳክ ፐርናህ» ነው። ሩኅሩኁ ሰው ሁለት አሉታ ተደራርቦበት ተቃራኒውን ይመርጣል። በተቻለ መጠን «ቲዳክ»ን አውጥታችሁ «ችላ እላለሁ» በሚል ዓይነት ግስ ተኩት። ከዚያ አንድ ፋክተር ያለውን ሞዴል፣ የአጻጻፍ ፋክተር ከተጨመረበት ጋር አወዳድሩ። መልሶቹ ደረጃ ስለሆኑ ለደረጃ መረጃ የተሠራ ስሌት ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ስንት ሰው?

መልስ፦ በዐረፍተ ነገር 10 ሰው የሚለው ልማድ 160 ይሰጣል፤ እኔ 300 እመክራለሁ። የፋክተሮቹን መዋቅር የፈለጋችሁበትና ያረጋገጣችሁበት ናሙና አንድ አይሁን። አልፋ (ዐረፍተ ነገሮቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየው ቁጥር) ከ0.70 በታች ከወረደ መጀመሪያ ስምንቱ መገልበጣቸውን እዩ። መልሳቸው የማይለዋወጥ መሆኑን ለማየት ከሁለት ሳምንት በኋላ የተወሰኑትን ሰዎች ደግማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ለአማርኛም ይሠራል?

መልስ፦ ሂደቱ አዎ፣ እንቅፋቶቹ ግን ሌላ ናቸው። መጨረሻው ዐረፍተ ነገር መጠቀሚያ ስለሆነ ሰው ሲናገር እንግሊዝኛው «እሱን ወይም እሷን» ይላል። ማላይኛው «ዲያ» ለሁለቱም ስለሚሆን ይገላገላል። አማርኛ ግን «ሲበደል» ካለ ወንድ አሰበ ማለት ነው፤ «ሰዎች ሲበደሉ» ብላችሁ በብዙ ቁጥር ጻፉት።